ሰማንያ ሦስተኛ የወጣው ሰው

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ በረዶ ነው። ቡታጅራ ተቀምጦ ስለ በረዶ የሚያወራ ሰው ምን ነካው እንዳትሉኝ። በረዶ እኛም ጋ ይመጣል። በሐምሌ ከዘቢዳር ተራራ በኩል ሰማዩ ይጠቁርና መጀመሪያ ነፋሱ የእንሰቱን ቅጠል ይሰነጣጥቀዋል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያም ልጅ እናቱን ቢጣራ እስከማትሰማው ድረስ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትወጣና ደጃፉ ላይ የተከመረው ነጭ ነገር ውሃ ሆኖ ወደ ቦዩ ይሄዳል። የእኛ በረዶ እንግዳ ነው፣ አድሮ አይሰነብትም። እኔ የማወጋችሁ ግን ወርዶ ስለሚቀመጥ በረዶ ነው፤ ሦስት አራት ወር መሬቱን አልብሶ ስለሚተኛ፣ ሰዎች ረጅም ቀጭን ሳንቃ ከእግራቸው አስረው ስለሚሮጡበት፣ እዚያም ላይ ባንዲራችንን ይዞ ስለ ቆመ አንድ ሰው ነው።

ይህንኑ ጨዋታ አንድ ቀን ስጀምር፣ ለአንድ ስኒ ቡና ብቅ ያለ ባጃጅ ነጂ ጎረምሳ ከአፌ ነጠቀኝና «ጋሼ፣ ስንተኛ ወጣ?» አለኝ። «ቆይ» አልኩት። እናንተንም ቆዩ እላለሁ፤ ቁጥሩ የትም አይሄድም፣ በቦታው ይመጣል።

ሰውየው ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. መስከረም፣ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት በወጡበት ሰሞን። ከዚያም ገና ዘጠኝ ዓመት ግድም ሳለ እናቱ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥራ አግኝተው ወደ ኒው ዮርክ ሲሻገሩ እሱም ተከትሏቸው ሄደ፣ ከዚያም በሰሜኑ ተራራማ አገር፣ በሌክ ፕላሲድ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ገባ። ሌክ ፕላሲድ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገር ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1932 እና በ1980 ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሎምፒክ አስተናግዳለች። እዚያ ያደገ ልጅ ስኪ ከእግሩ ሳያስር ቅዝቃዜውን አያሳልፍም።

እኛ ጉራጌ አገር ያለን ሰዎች ልጅ ቤቱን ለቆ ሲሄድ ማየት አዲሳችን አይደለም። የሊስትሮ ዕቃውን አንጠልጥሎ በዘጠኝ በአሥር ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ የወጣውን ማን ይቆጥረዋል? ከወልቂጤም ከቡታጅራም ስንቱ ወጣ። ሄዶም በሄደበት አገር ያለውን ሥራ ይማራል፤ ጫማ መጥረግ ከሆነ ጫማ ይጠርጋል፣ ሱቅ ከሆነ ሱቅ ይገባል፣ ለመስቀል ሲመለስም የተማረውን ይዞ ይመለሳል። ሮቤል የሄደበት አገር ሥራ በረዶ ሆነና በረዶን ተማረ። እኔ ነገሩን የምረዳው እንዲህ ነው፤ የተማሩት ሌላ ትንታኔ ይኖራቸው ይሆናል።

ልጁ አደገና ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ እዚያም ለዩኒቨርሲቲው በስኪ ተወዳደረ፣ ከዚያም አንድ ሐሳብ መጣበት፤ ለኢትዮጵያ ልሩጥ አለ። ኢትዮጵያ ግን የስኪ ፌዴሬሽን አልነበራትም። ለምንስ ይኖራታል? ፌዴሬሽን ከሌለ ደግሞ የኦሎምፒኩ በር አይከፈትም፤ ፈቃድ የሚጠይቅ፣ ስም የሚያስመዘግብ፣ ማኅተም የሚመታ አካል ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ስኪ ፌዴሬሽንን አቋቋመ፣ ከዚያ የፌዴሬሽኑ ተወዳዳሪ ሆነ። ጉዳይ ለማስፈጸም ከቢሮ ቢሮ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ይህ ከአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በረዶ የሚከብድ ሥራ መሆኑን ያውቃል። በረዶ በሌለበት አገር ደግሞ ልምምዱ በጎማ ስኪ ነው። ሳንቃው አጠር ይልና ከፊትና ከኋላው ጎማ ይገጠምለታል፣ በሁለት እጅ ዱላ ተይዞ አስፋልቱ እየተገፋ ይኬዳል። እንግዲህ በአዲስ አበባ ጎዳና፣ በሚኒባስና በአህያ መሃል፣ አንድ ጎልማሳ ሁለት ዱላ ይዞ ጎማ ላይ ቆሞ ሽው ሲል አስቡት። ወያላው ምን ብሎ እንደሚጣራ እናንተው ጨምሩበት።

እንዲህ እንዲህ እያለ 1998 ዓ.ም. ደረሰ፣ የክረምት ኦሎምፒኩም በጣሊያን፣ በቶሪኖ ከተማ ሆነ። የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነውና መክፈቻው የዋለው የካቲት 3 ቀን ነበር። ሰማንያ አገሮች ተሰለፉ። በኦሎምፒክ ሥርዓት ግሪክ ትቀድማለች፣ ባለቤቱ አገር መጨረሻ ይገባል፤ እንግዳ ቀድሞ አስተናጋጅ ኋላ መሆኑ ደግሞ እኛም ቤት ያለ ወግ ነው። ጣሊያኖቹ ከመቶ በላይ ሆነው፣ ካሮሊና ኮስትነር የምትባለውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የበረዶ ላይ ዳንሰኛቸውን ባንዲራ አስይዘው ሲገቡ ስታዲየሙ ተናወጠ። ችቦውን የለኮሰችው ስቴፋኒያ ቤልሞንዶም የስኪ ሯጫቸው ነበረች። ከእነሱ በፊት ግን ሮቤል ገብቶ ነበር። የኢትዮጵያ ቡድን ማለት እሱ ነው፣ ሯጩም እሱ፣ ባንዲራ ያዡም እሱ። አገራችን በክረምት ኦሎምፒክ ስትሰለፍ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በዚያው ዓመት አልባኒያና ማዳጋስካርም እንደ እኛው አዲስ ገቢ ነበሩ።

አሁን ወገኖቼ፣ ወሩን ልብ በሉልኝ። የካቲት ነው። ቦታውን ልብ በሉልኝ። ጣሊያን ነው። የካቲትና ጣሊያን በአንድ ላይ ሲጠሩ የኢትዮጵያዊ ጆሮ ቀጥ ማለቱ አይቀርም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ደግሞ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ አለ። እኛ ቡታጅራዎች አንድ ቀን እንጨምርበታለን፤ ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ግንባር ሲዋጉ ቆይተው፣ እየተሳደዱ ወደዚህ አገር ዘልቀው፣ እዚሁ በእኛው አካባቢ ተይዘው የካቲት 17 ቀን 1929 ተረሸኑ። ጭፍጨፋው ከተጀመረ አምስተኛ ቀኑ ነበር። የአክሱም ሐውልት ሮም ላይ ተገትሮ ኖሮ አገሩ የገባው ገና በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው፤ ቶሪኖ ላይ ባንዲራው ሲውለበለብ ዓመት እንኳ አልሞላም። አበበ ቢቂላም በባዶ እግሩ በዚያ ሐውልት ሥር ያለፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ጎዳና ላይ ነው፣ ሁለት ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ።

ይህን ሁሉ የምቆጥረው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የዚያን ዘመን ሰዎች ሥራ ስኪ ላይ ለቆሙት ልጆች አንጭንባቸውም። ነገር ግን አንድ ኢትዮጵያዊ በየካቲት ጣሊያን ምድር ላይ ባንዲራ ይዞ ሲራመድ፣ ሌላው አገር እንደሚራመደው አይራመድም። ሸክም አለው።

የሮቤል ውድድር የካቲት 10 ቀን ነበር። ከቶሪኖ ወደ ምዕራብ ይወጣል፣ ፒኔሮሎ ትታለፋለች፣ ከዚያም መንገዱ የኪዞኔን ወንዝ ሸለቆ ይዞ እየጠበበ ይሄዳል፤ ፌኔስትሬሌ ላይ ከተራራው ጀርባ ላይ እንደ ደረጃ የተዘረጋ ታላቅ የድንጋይ ምሽግ ይታያል፣ እሱን አለፍ ብሎ ፕራጄላቶ አለ። ፕራጄላቶ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ትንሽ ትዘላለች። ወልቂጤ ከእሷ ትበልጣለች፤ ቡታጅራማ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ዘቢዳር አናት ላይ ደግሞ ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። ታዲያ በረዶው ለምን እነሱ ጋ ይቀመጣል ብትሉ፣ ፀሐይ እኛን አናታችን ላይ ቆማ ታየናለች፣ እነሱን በዚያ ወራት በጎን ብቻ ገልመጥ አድርጋ ታልፋለች።

ውድድሩ 15 ኪሎ ሜትር ነው፣ በጥንታዊው አካሄድ። በረዶው ላይ በማሽን ሁለት ቀጫጭን ቦይ ይሰመራል፣ ሁለቱ ስኪ በሁለቱ ቦይ ገብቶ ፊትና ኋላ ይሄዳል። እንደ ማራቶን በአንድ ተኩስ ተግተልትሎ መነሳት የለም፤ በየ30 ሰከንዱ አንድ አንድ ሰው ይለቀቃል፣ ከዚያ ሰው የሚታገለው ከሰዓት ጋር ነው። ከስኪው ሥር ደግሞ ሰም ይቀባል። የሰሙ ዓይነት እንደ በረዶው ሁኔታ ይመረጣል፣ ዳገት ላይ እንዲይዝ፣ ቁልቁለት ላይ እንዲያንሸራትት። ሰም ቀቢው ከተሳሳተ ሯጩ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ወይም ቁልቁለቱ ላይ በረዶው ይለጠፍበታል። ትልልቆቹ አገሮች ሥራቸው ሰም መቀባት ብቻ የሆነ ባለሙያዎች ይዘው ይጓዛሉ፤ ሌሊት ተነስተው በረዶውን ይለካሉ፣ ስኪውን ይሞክራሉ፣ ይፍቃሉ፣ እንደገና ይቀባሉ።

የኢትዮጵያ ልጅ ተራው ደረሰና ዱላውን በረዶው ላይ ተከለ፣ ከዚያ ገፋ፣ ከዚያም ጥዶቹ መሃል ገባ። ያሸነፈው የኤስቶኒያው አንድሩስ ቪርፓሉ ነው፤ የ35 ዓመት ጎልማሳ፣ በ38 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ። ይህንኑ ውድድር ከአራት ዓመት በፊት ሶልት ሌክ ሲቲ ላይም አሸንፎት ነበር። ሮቤልስ? ሮቤል ሰማንያ ሦስተኛ ወጣ።

ባጃጅ ነጂው ይህን ሲሰማ «ሰማንያ ሦስተኛ!» ብሎ ሳቀ። አልተቆጣሁትም። ስንሮጥ ወርቅ፣ ካልሆነም ብር ነው የለመድነው። ሶሎሞን ባረጋ ከዚሁ ከጉራጌ ምድር በቅሎ ሐምሌ 23 ቀን 2013 ቶኪዮ ላይ ቼፕቴጌይንና ኪፕሊሞን አስከትሎ በ10,000 ሜትር ወርቁን ሲያጠልቅ ማንም ስንተኛ ብሎ አልጠየቀም። ወርቅ ያልለመደ ሕዝብ ስንት ሰው እንደ ሮጠም ይጠይቃል፤ እኛ አንደኛውን ብቻ ጠይቀን ሬዲዮውን እንዘጋለን። ከሮቤል ኋላ የገቡ ነበሩ፤ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ከእነሱ አንዱ ነው።

የቦይትን ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ ልጨምር። ቦይት ከሩጫ ወደ ስኪ የተሻገረ ሰው ነው። በ1990 ዓ.ም. ጃፓን ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር 92ኛ፣ ማለትም መጨረሻ ወጣ። አሸናፊው ኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ ነበር፣ በዚያ ዘመን በስኪ አቻ ያልነበረው ሰው። ዴሊ ጨርሷል፣ ልብሱን ለብሷል፣ ሽልማቱ ይጠብቀዋል፤ እሱ ግን አልሄደም። ሃያ ደቂቃ ያህል በብርድ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ቦይትን ጠበቀና ሲደርስ አቀፈው። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓትም ዘገየ። ቦይት ወደ አገሩ ተመልሶ ልጅ ሲወልድ ስሙን ዴሊ አለው። አንደኛ የወጣ ሰው 92ኛውን ሲጠብቅ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው።

ወደ ፕራጄላቶ ልመልሳችሁ። ሮቤል ከሮጠ በሁለተኛው ቀን፣ በዚያው በረዶ ላይ፣ የአራት ሰው የዱላ ቅብብል ሆነ፤ እያንዳንዱ 10 ኪሎ ሜትር። ጣሊያኖቹ ቫልቡዛ፣ ዲ ቼንታ፣ ፒለር ኮትረርና ዞርዚ ነበሩ። የአገራቸውን ዳገት እያንዳንዱን ያውቁታል፤ የእኛ ልጅ በሰፈሩ ሰፊ መንገድ፣ በጀፎረው ላይ ፈረስ ሲጋልብ የት ጉድጓድ እንዳለ እንደሚያውቀው ማለት ነው፤ በግራና ቀኝ ቆሞ የሚጮኸውም የአክስት የአጎት ልጅ ነው። ዞርዚ የመጨረሻውን ተራ ይዞ ጀርመንን ጥሎ ገባና ወርቁ የባለቤቶቹ ሆነ። ያች ዕለት በእኛ አቆጣጠር የካቲት 12 ነበረች። ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልቱ ሥር አበባ ሲቀመጥ፣ ፕራጄላቶ ላይ በደስታ ይዘላል። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ዘመን አቆጣጠሩ ነው የገጠመው። እኔ ግን ቀኑን ባሰብኩ ቁጥር ይህ ይመጣብኛል፣ ስለዚህ ነገርኳችሁ።

የጣሊያኖቹ ደስታ በዚያ አላበቃም። በመዝጊያው ዕለት፣ የካቲት 19፣ ያው ዲ ቼንታ 50 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሩሲያዊውን አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ቀደመው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ተሮጦ! ከዚያም ማታ በመዝጊያው በዓል ላይ ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ ያጠለቀችለት የገዛ እህቱ ማኑዌላ ነበረች፤ እሷም በዘመኗ የኦሎምፒክ ስኪ ሻምፒዮን የነበረች፣ በኋላ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል የሆነች ሴት። ወንድም ወርቅ አግኝቶ እህት ስታጠልቅለት፣ ያገር ሰው ሁሉ ሲያይ፣ ደስታቸውን ማን ይነፍጋቸዋል? እኔ አልነፍጋቸውም።

ባለቤት መሆን ግን ሁልጊዜ አያሸንፍም። ካናዳ በሞንትሪያል የበጋውን፣ በካልጋሪ የክረምቱን ኦሎምፒክ አስተናግዳ ሁለቱንም ጊዜ ከገዛ ቤቷ አንድ ወርቅ ሳታነሳ ቀርታለች። በሦስተኛው፣ በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ፣ የካቲት 7 ቀን አሌክሳንደር ቢሎዶ የሚባል ልጅ ያን እርግማን ሰበረው፤ ብርታት የሚሆነውም አካል ጉዳተኛ ታላቅ ወንድሙ እንደሆነ ተናገረ። በማግስቱ፣ የካቲት 8፣ ሮቤል ተክለማርያም እንደገና መነሻው መስመር ላይ ቆመ፣ እንደገና ብቻውን፣ እንደገና ባንዲራውን ይዞ ከገባ በኋላ። አሁን 35 ዓመቱ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዳሪዮ ኮሎኛ አሸነፈ፤ ሮቤል 93ኛ ወጣ። ከመጀመሪያው በአሥር ደረጃ ወርዶ ማለት ነው። ይህንንም አልደብቃችሁም።

ከዚያ ወዲያ በሶቺም፣ በፒዮንግቻንግም፣ በቤይጂንግም የክረምት ኦሎምፒክ ላይ የኢትዮጵያ ባንዲራ አልታየም። እኔ በዚህ አላዝንም፤ በሌለን በረዶ ላይ ቡድን እናቋቁም የሚል ሐሳብም የለኝም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የሄደውን ሰው አናውቀውም። ልጆቻችን ስሙን ሲሰሙ ማነው ይላሉ።

እንዲያውም ከሮቤል በፊት በረዶ ላይ ያሸነፈ ኢትዮጵያዊ አለ፣ እሱንም አናውቀውም፤ ሰውየውን እናውቀዋለን፣ ያንን ድሉን ነው የማናውቀው። አበበ ቢቂላ ነው። መጋቢት 1961 ላይ መኪናው ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፣ ወደ እንግሊዝ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወሰደ፣ ወራት ተኛ፣ ከዚያም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ጀመረ። ከዚያም በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ይደረግ ነበርና በክብር እንግድነት ጠሩት። ሄደ። እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ ማጨብጨብ ይችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም፣ ሮምና ቶኪዮ ላይ ሁለት የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። እሱ ግን ተቀምጦ አላጨበጨበም፤ በውሾች በሚሳበው የበረዶ ጋሪ ውድድር ገባ። አስራ ስድስት ተወዳዳሪ ነበር፤ አገሩ ደግሞ ልጅ ከመሄዱ በፊት ስኪ የሚማርበት የሚባል አገር ነው። አበበ አንደኛ ወጣ፤ ጊዜው 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በ41 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ለልጆቻችሁ ስለ አበበ ስታወሩ ሮም ላይ አታቁሙ፣ ቶኪዮም ላይ አታቁሙ። እስከ ኖርዌይ በረዶ ድረስ ውሰዷቸው። ከዚያም ፕራጄላቶ የሚባል ቦታ እንዳለ ንገሯቸው፣ በዚያም በየካቲት 10 አንድ የኢትዮጵያ ልጅ ሰማንያ ሦስተኛ መውጣቱን፤ ስሙንም ሳትዘነጉ፣ ሮቤል ተክለማርያም።